ከብዙዎቹ መካከል አንዱን መነጠል

በሆስፒታል የላብራቶሪ መስኮት ፊት በየዕለቱ የሚሰማ ጥያቄ አለ። የደም ቆጠራ ውጤት በሰዓታት ውስጥ ይደርሳል። ተራው የሽንት ምርመራም ታካሚው ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ያልቃል። «ካልቸር» የተባለው ግን «ከሁለት ከሦስት ቀን በኋላ ተመለሱ» ያሰኛል፤ የአክታ ካልቸር ለቲቢ ከሆነማ ቀጠሮው ሳምንታትን ይሻገራል። «ማሽኑ ተበላሽቶ ነው?» ይላል ታካሚው። ማሽኑ አልተበላሸም። ከመስኮቱ ወዲያ ያሉት ባለሙያዎች የሚጠብቁት ሕይወት ያለው ነገር እስኪያድግ ነው፤ እሱ ደግሞ በራሱ ሰዓት እንጂ በሰው ሰዓት አያድግም።

ከዚህ ጥበቃ ጀርባ ትልቅ ጥያቄ አለ። አንድን ባክቴሪያ ከሺህ ጎረቤቶቹ ነጥሎ ማሳደግ ለምን አስፈለገ? አብዛኞቹስ በሰው እጅ አናድግም የሚሉት ለምንድን ነው? ዘረመልን በሁለት ሰዓት የሚያነብ መሣሪያ ወረዳ ድረስ በወረደበት ዘመን ሣህኑና ኢንኩቤተሩ ጊዜ ያለፈባቸው ዕቃዎች ሆነዋል ወይ? (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መልሱን ከነዚያ ሦስት ቀናት መጀመር ይቻላል። በመጀመሪያው ቀን ባለሙያዋ ጫፏ ቀለበት የሆነች ቀጭን ሽቦ ትይዛለች፤ ስሟ ሉፕ ነው። ሽቦዋን እሳት ላይ እስክትቀላ ትይዛትና ታቀዘቅዛታለች፤ ከናሙናው ነካ አድርጋ የባክቴሪያ ምግብ የረጋበትን ሣህን አንድ ጥግ ወዲያና ወዲህ ትጭራለች። ሽቦዋን እንደገና ታቀላታለች፤ ከመጀመሪያው ጭረት ጫፍ ጥቂት ወስዳ ሁለተኛውን ጥግ፣ ከሁለተኛውም ወስዳ ሦስተኛውን ትጭራለች። በየዙሩ የባክቴሪያዎቹ ቁጥር እየሳሳ ይሄዳል። መጨረሻው ጭረት ላይ አንዱ ከሌላው ርቆ ለብቻው ይወድቃል። የጥበቡ ሁሉ ማዕከል ይህ ነው፤ የሚጠይቀውም ሽቦ፣ እሳትና የሰለጠነ እጅ ብቻ ነው።

ከዚያ ሣህኑ በኢንኩቤተር ውስጥ ወደ 37 ዲግሪ ሴልሺየስ በሚጠጋ ሙቀት ያድራል። ኢ. ኮላይ የተባለው የአንጀት ባክቴሪያ ሲመቸው በየ20 ደቂቃው ለሁለት ይከፈላል። በዚህ ፍጥነት በ10 ሰዓት 30 ጊዜ ይባዛል፤ አንዱም ከ1 ቢሊዮን በላይ ይሆናል። ሌሊት በዓይን የማይታየው ነጥብ ጠዋት የምስር ፍሬ የምታህል ክብ ሆኖ ይገኛል። ኮሎኒ ትባላለች፤ ውስጧ ያሉት ሁሉ የአንድ እናት ዘሮች ናቸው። በሁለተኛው ቀን ባለሙያዋ አንዲቱን ኮሎኒ መርጣ ማንነቷን ትመረምራለች፤ በሌላ ሣህን ላይም በስሱ ትዘራትና አንቲባዮቲክ የተነከሩ ትናንሽ የወረቀት ክቦችን ትደረድርባታለች። በሦስተኛው ቀን በየወረቀቱ ዙሪያ ባክቴሪያ ያልበቀለበትን ባዶ ክብ በማስመሪያ ትለካለች። ሐኪሙ የትኛው መድኃኒት እንደሚሠራ፣ የትኛው እንደተለመደ የሚያውቀው ከዚያ ልኬት ነው።

ባክቴሪያን ማሳደግ ራሱ አዲስ ነገር አይደለም። እርሾ አስቀምጣ በሚቀጥለው ሳምንት ሊጥ የምታቦካ እናት፣ ቅሉን አጥና ወተት የምታረጋ ሴት ያንኑ ሥራ ትሠራለች፤ ዘር ታቆያለች፣ ትመግባለች፣ ሙቀቱን ትጠብቃለች። ልዩነቱ እርሾ ማኅበር መሆኑ ነው። ላክቲክ አሲድ የሚሠሩ ባክቴሪያዎችና በርካታ የፈንገስ ዝርያዎች አብረው ይኖሩበታል፤ የእንጀራው ጣዕምም የሁሉም የጋራ ሥራ ነው። ማብቀልን የሰው ልጅ ለሺህ ዓመታት ሲያውቀው ኖሯል። አንዱን ብቻውን ማብቀል ግን ገና 150 ዓመት ገደማው ነው።

ከዚያ በፊት ተመራማሪዎች የሚያሳድጉት በሾርባ ውስጥ ነበር። ሾርባ ደግሞ ያጋባል። አንዱ ዝርያ ሲገንን፣ ሌላው ሲከስም፣ በማይክሮስኮፕ ሥር ቅርጾች ሲፈራረቁ ይታያሉ። ካርል ኔገሊን የመሰሉ ስመ ጥር ሊቃውንት ሳይቀሩ ባክቴሪያ ቋሚ ዝርያ የለውም፣ አንዱ ወደ ሌላው ይለወጣል ይሉ የነበረው በዚህ ምክንያት ነው። ያ አስተሳሰብ ቢጸና ኖሮ «ይህ በሽታ የዚህ ባክቴሪያ ነው» ማለት ፈጽሞ አይቻልም ነበር። እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ጆሴፍ ሊስተር በ1878 የኮመጠጠ ወተትን ደጋግሞ በማቅጠን፣ በአንዲት ጠብታ ውስጥ ከአንድ የማይበልጥ ባክቴሪያ እስኪቀር በማድረስ ንጹሕ ዘር አገኘ። አድካሚ፣ በዕድል ላይም የተንጠለጠለ ዘዴ ነበር።

መንገዱን የጠረገው ሮበርት ኮኽ ነው። በዛሬዋ ፖላንድ ውስጥ በምትገኝ ወልሽታይን በምትባል ትንሽ ከተማ የወረዳ ሐኪም ሳለ፣ እረኛና ገበሬ የሚፈራውን አባ ሰንጋን ማጥናት ጀመረ። ዩኒቨርሲቲ አልነበረውም፣ ረዳትም አልነበረውም። የአባ ሰንጋን ባክቴሪያ ከበሬ ዓይን በተወሰደ ፈሳሽ ውስጥ አሳደገ፤ ዘንጎቹ ረዝመው፣ በውስጣቸው ጠንካራ ዘር ሲቋጥሩ አየ፤ ከብት ያለቀበት የግጦሽ መሬት ከዓመታት በኋላ እንደገና የሚገድለው በዚያ ዘር እንደሆነ አሳየ። ዓመቱ 1876 ነበር። ሆኖም አባ ሰንጋ ቀላሉ ነበር፤ በታመመ እንስሳ ደም ውስጥ ያለ ተቀናቃኝ ይርመሰመሳል። አክታ፣ ሰገራ፣ አፈር ግን ገበያ ናቸው።

ኮኽን ወደ መፍትሔው የመራው ድንች ነው። ተቀቅሎ በተቆረጠና አየር ባገኘው ድንች ላይ ቀለማቸው የተለያየ ነጠብጣቦች ይወጣሉ፤ እያንዳንዱ ነጠብጣብ በማይክሮስኮፕ ሲታይ አንድ ዓይነት ባክቴሪያ ብቻ ይይዛል። ነገሩ ገላጭ ነው። በሾርባ ውስጥ የወደቀ ይዋኛል፤ በጠጣር ነገር ላይ የወደቀ ግን ባለበት ቀርቶ እዚያው ቤተሰብ ይመሠርታል። ችግሩ አብዛኞቹ በሽታ አምጪዎች ድንች አለመውደዳቸው ነበር። ኮኽ የሥጋ መረቅን በጄላቲን አጠንክሮ ጠጣር ምግብ ሠራ፤ በ1881 በለንደኑ ዓለም አቀፍ የሕክምና ጉባኤም አሳየው። ከተመልካቾቹ አንዱ የነበረው ሉዊ ፓስተር፣ የፈረንሳይና የጀርመን ቂም ሳይበግረው አድናቆቱን ገለጸ።

ጄላቲን ግን ሁለት ጉድለት ነበረበት። ከ30 ዲግሪ በታች ባለ ሙቀት ይቀልጣል፤ የሰው በሽታ ባክቴሪያ ደግሞ የሚፈልገው 37 ነው። አንዳንዶቹ ባክቴሪያዎች ጭራሽ ጄላቲኑን ራሱን በልተው ያፈሱታል። በኮኽ ቤተ ሙከራ የአየርን ባክቴሪያ ያጠና የነበረው ዋልተር ሄሰ በበጋው ሙቀት ሣህኖቹ ሁሉ እየፈሰሱበት ተቸገረ። መፍትሔው ከሚስቱ ከፋኒ መጣ። ፋኒ በ1850 በኒው ዮርክ የተወለደች፣ ለባሏ ጥናቶች ሥዕል የምትስል፣ ሥራውንም የምታግዝ ሴት ናት። የምትሠራው የፍራፍሬ ጄሊ በበጋም አይፈስም ነበር፤ ምክንያቱም የምታጠነክረው ከባሕር አረም በሚወጣ አጋር ነው። ይህንንም በልጅነቷ በኢንዶኔዥያ ጃቫ ከኖሩ ደች ጎረቤቶች ተምራው ነበር። አጋር ለመቅለጥ ወደ 85 ዲግሪ ይፈልጋል፤ ከቀለጠ በኋላ ግን ከ40 በታች ካልወረደ አይጠነክርም። ለባክቴሪያ ሥራ ከዚህ የተሻለ ጠባይ ማሰብ ያስቸግራል፤ በጣም ጥቂት ካልሆኑ በስተቀርም የሚበላው ባክቴሪያ የለም።

ኮኽ በ1882 ባሳተመው የቲቢ ጥናት አጋርን በአንዲት ዓረፍተ ነገር ጠቅሶ አለፈ፤ የፋኒን ስም አላነሳም። ከአምስት ዓመት በኋላ ዩሊዩስ ሪቻርድ ፔትሪ ክዳን ያለውን ክብ ሣህን አስተዋወቀ፤ ስሙም እስከ ዛሬ በየላብራቶሪው ይጠራል። በሣህኑ ውስጥ ያለውን ነገር የሰጠችው ሴት ስም ግን ከሙያው ሰዎች ውጪ ብዙም አይታወቅም። ይህ መታረም ያለበት በደል ነው። ፔትሪ ዲሽ ባይኖር በሌላ ክዳን ያለው ዕቃ መሥራት ይቻላል፤ አጋር ባይኖር ግን የሚቀጥሉት መቶ ዓመታት የሕክምና ታሪክ ሌላ መልክ ይኖረው ነበር።

ማርች 24 ቀን 1882 ኮኽ በበርሊን የቲቢን ባክቴሪያ ነጥሎ እንዳሳደገ ይፋ አደረገ። በዚያ ዘመን በራሱ ግምት ከሰባት ሟቾች አንዱ የሚሞተው በዚህ በሽታ ነበር። ያሳደገው ግን በአጋር ላይ አልነበረም፤ በሙቀት በረጋ የደም ውሃ ላይ ነበር፤ ኮሎኒዎቹም በዓይን የታዩት በሁለተኛው ሳምንት ነው። የቲቢ ባክቴሪያ አንድ ጊዜ ለመከፈል ከ15 እስከ 20 ሰዓት ይወስዳል። ለኢ. ኮላይ አንድ ሌሊት የበቃው ሥራ ለእሱ ሳምንታት የሚፈጀው ስለዚህ ነው። ዛሬም በብዙ አገር የሚመገበው ከእንቁላልና ከግሊሰሮል በሚሠራ አረንጓዴ ምግብ ነው። አረንጓዴው ማላካይት ግሪን የተባለ ቀለም ነው፤ ፈጣን ጎረቤቶቹ ቀድመው እንዳይወርሩት ያፍናቸዋል።

በሳይንሱ ቋንቋ ሚዲያ የሚባለው ማሳደጊያ፣ ምግብም ወጥመድም ሊሆን ይችላል። ማኮንኪ አጋር የሐሞት ጨው አለበት፤ አንጀት ውስጥ መኖር የለመደ ካልሆነ በስተቀር ብዙው አይቋቋመውም። በተጨማሪ የወተት ስኳርና ቀለም ተጨምሮበታል። ስኳሩን የሚያቦካው ኢ. ኮላይ ሮዝ ኮሎኒ ሲያወጣ፣ ታይፎይድና የደም ተቅማጥ የሚያመጡት ቀለም አልባ ሆነው ይቀራሉ። ባለሙያው ገና በር ከፍቶ ሲያይ ግማሹን ያውቃል። ለኮሌራ ደግሞ ናሙናው መጀመሪያ የጨዋማ አልካሊ ውሃ ውስጥ ለጥቂት ሰዓት ይቆያል፤ ሌሎቹ ሲደክሙ ኮሌራው ይፈላል። «ቸኮሌት አጋር» ቸኮሌት የለበትም፤ በሙቀት ቡናማ የሆነ ደም ነው። የማጅራት ገትር ባክቴሪያ ይወደዋል፤ በተጨማሪ ከአየሩ ላቅ ያለ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይፈልጋል። ውድ ኢንኩቤተር የሌለው ላብራቶሪ ሣህኖቹን በመስታወት ማሰሮ ውስጥ ደርድሮ ሻማ አብርቶ ይከድነዋል። ሻማው ሲጠፋ አየሩ ተስተካክሏል።

በግብርናውም ይኸው ዘዴ ሠርቷል። ሆላንዳዊው ማርቲኑስ ባይሪንክ በ1888 ከባቄላ ዘመዶች ሥር እብጠት ውስጥ ናይትሮጅንን ለተክሉ የሚያዘጋጀውን ባክቴሪያ ነጠለ። በኢትዮጵያ ለባቄላ፣ ለሽምብራና ለአኩሪ አተር ከዘሩ ጋር ታሽቶ የሚዘራው ባዮ ማዳበሪያ የዚያ ሥራ ልጅ ነው።

የጥበቡ ሌላው ግማሽ ትዕግሥት ነው፤ ለዚህ ከፐርዝ የተሻለ ምስክር አይገኝም። በምዕራብ አውስትራሊያ የሮያል ፐርዝ ሆስፒታሉ ሮቢን ዋረን በጨጓራ ናሙናዎች ላይ ጠምዛዛ ባክቴሪያ ደጋግሞ ያይ ነበር። ወጣቱ ባሪ ማርሻል ሊያሳድገው ሞከረ፤ ከሠላሳ በላይ ሙከራዎች ከሸፉ። ላብራቶሪው እንደ ልማዱ ሣህኖቹን በሁለተኛው ቀን ይጥል ነበርና። በ1982 የፋሲካ በዓል መጥቶ ሣህኖቹ ሳይጣሉ አምስት ቀን ቆዩ። ከበዓል ሲመለሱ ኮሎኒዎቹ በቅለው ተገኙ። ዛሬ በየሰፈሩ «ኤች ፓይሎሪ» እየተባለ የሚጠራው፣ የጨጓራ ሕመምተኛ ሁሉ የሚያውቀው ባክቴሪያ እንዲህ ተገኘ። ማርሻል በ1984 የባክቴሪያውን ዘር ራሱ ጠጥቶ በጨጓራ ቁጣ ታመመ። ሁለቱ በ2005 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ከዚያ በፊት የከሸፉት ሙከራዎች ያነሳቸው ሦስት ቀን ብቻ ነበር።

ከዚህ ወዲያ ግን ትዕግሥትም የማይበቃበት ክልል ይጀምራል።

ኖርዌያዊው ጌርሃርድ አርማወር ሐንሰን የሥጋ ደዌን ባክቴሪያ ያየው በ1873 ነው፤ ኮኽ የቲቢን ከማሳየቱ ዘጠኝ ዓመት ቀድሞ። ይህ ባክቴሪያ እስከ ዛሬ በየትኛውም ሣህን ላይ አድጎ አያውቅም። የዘረመሉ ካርታ በ2001 ሲታተም ምክንያቱ ተገለጠ። ከቲቢ ባክቴሪያ ጋር የቅርብ ዘመድ ሆኖ ሳለ፣ የሚሠሩ ጂኖቹ ወደ 1,600 ብቻ ናቸው፤ የቲቢው ወደ 4,000 ይደርሳሉ። ከ1,000 በላይ የሚሆኑት ፈርሰው እንደ ወና ቤት ቆመዋል። በሰው ሴል ውስጥ ተደላድሎ ስለኖረ ራሱን ችሎ የመኖር ጥበቡን አጥቷል። አንዴ ለመከፈልም ሁለት ሳምንት ገደማ ይፈጅበታል። ተመራማሪዎች በ1960 በአይጥ መዳፍ ውስጥ ማራባት ቻሉ፤ በ1971 ደግሞ አርማዲሎ በተባለ ቅርፊታም እንስሳ ውስጥ፤ የእንስሳው ሰውነት ቀዝቀዝ ያለ ስለሆነ ይመቸዋል። በአዲስ አበባ ከአለርት ሆስፒታል ጎን ያለው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ሰው ነው። በ1970 የተመሠረተውም በሥጋ ደዌ ጥናት ነበር፤ ዛሬ ቲቢንና መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎችን ጨምሮ ሰፊ ምርምር ይሠራበታል።

የግርሻ ታሪክ ለኢትዮጵያውያን ይበልጥ ይቀርባል። በቅማል የሚተላለፈው ይህ ትኩሳት ለቀቅ አድርጎ የሚመለስ በመሆኑ ስሙን ከጠባዩ ወሰደ። ኦቶ ኦበርማየር በ1868 በበርሊን በበሽተኞች ደም ውስጥ የሚወራጩ ቀጫጭን ጠምዛዛ ነገሮችን አየ። አውሮፓ ውስጥ በሽታው ከንጽሕና መሻሻል ጋር ጠፋ፤ በኢትዮጵያ ግን በእስር ቤቶች፣ በመጠለያዎች፣ በመንገድ ላይ በሚያድሩ ድሆች መካከል ቀጠለ። ባክቴሪያው ከሰውና ከቅማል ሌላ ማደሪያ ስለሌለው በሣህን ለማሳደግ የተደረገው ጥረት ሁሉ ለ120 ዓመታት ሳይሳካ ቀረ። በመጨረሻ በ1994 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የታተመ አጭር ጽሑፍ የመጀመሪያውን ስኬት አበሰረ። ዘሩ የተገኘው ከኢትዮጵያውያን ታካሚዎች ደም ነው፤ ሥራውም የኢትዮጵያና የብሪታንያ ተመራማሪዎች የጋራ ውጤት ነበር። ያደገበት ምግብ የጥንቸል የደም ውሃ፣ የከብት አልቡሚንና በርካታ ቅመሞች ያሉበት የተንዛዛ ድብልቅ ነው። ከዚያ በኋላ ነው ጂኖቹን መቁጠር፣ ከዘመዶቹ ጋር ማነጻጸር የተቻለው። ይህ ስኬት በኢትዮጵያ የሕክምና ትምህርት ውስጥ ከሚሰጠው ቦታ የበለጠ ይገባዋል።

የቂጥኝ ባክቴሪያ ደግሞ ለማስጠንቀቂያ ይጠቀሳል። በ1905 ታየ። በ1911 ታላቁ ጃፓናዊ ተመራማሪ ሒደዮ ኖጉቺ ነጥዬ አሳደግሁት ብሎ አስታወቀ፤ ሌላ ማንም ሊደግመው አልቻለም። ያሳደገው ሌላ ጠምዛዛ ባክቴሪያ ሳይሆን አይቀርም። እውነተኛው ዘላቂ ማሳደግ የተሳካው በ2018 በሂውስተን ቴክሳስ ነው፤ ያም ብቻውን ሳይሆን ከጥንቸል ሴሎች ጋር፣ ኦክስጅኑ በተመናመነ አየር። መነጠል ቃሉ እንደሚለው አይቀልም፤ ነጠልሁ ያለው ሰው የያዘውን በትክክል ማወቁን ሌሎች መመስከር አለባቸው።

በሽታ አምጪዎቹ ጥቂቶች ናቸው። በአፈር፣ በባሕር፣ በሐይቅ ያለው ሕዝብ ግን ሌላ ነው። በማይክሮስኮፕ ሥር አንድ ሺህ ሴል የሚቆጠርበት የአፈር ውሃ በሣህን ሲዘራ ከአሥር ኮሎኒ በላይ አይወጣም፤ አንዳንዴ አንድም ላይወጣ ይችላል። ጄምስ ስቴሊና አለን ኮኖፕካ በ1985 ይህን ክፍተት «ታላቁ የሣህን ቆጠራ እንቆቅልሽ» ብለው ሰየሙት። ከመቶ አንድ እንኳን የማይሞላው በሰው እጅ ያድጋል ማለት ነው።

የቀሩት ለምን እምቢ አሉ? አንዱ መልስ ጥጋብ ነው። ሣህኑ ግብዣ ነው፤ ብዙዎቹ ግን በረሃብ የለመዱ ናቸው። በውቅያኖስ ከሚገኙ ሴሎች ሩብ የሚሆነውን እንደሚይዝ የሚገመተው ሳር11 የተባለው ቡድን በ1990 በዘረመሉ ብቻ ታወቀ፤ ማንም በሣህን አላየውም ነበር። በኦሪገን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች በ2002 ያሳደጉት ምግብ ጨምረው ሳይሆን ምግብ ነፍገው ነው። ያንኑ የባሕር ውሃ አጣርተው፣ በየብልቃጡ ጥቂት ሴሎችን ብቻ አድርገው ጠበቁ።

ሌላው መልስ ጥፋቱ የአብሳዩ ሊሆን መቻሉ ነው። የጃፓን ተመራማሪዎች በ2014 እንዳሳዩት አጋርና ፎስፌት በአንድ ዕቃ በኦቶክሌቭ (በእንፋሎት ግፊት ማብሰያ) ሲቀቀሉ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይፈጠራል፤ ይህም ቁስል የሚታጠብበት፣ ጀርም ገዳይ ኬሚካል ነው። ሁለቱ ለየብቻ ተቀቅለው ኋላ ሲቀላቀሉ የበቀለው ኮሎኒ ብዛት ጨመረ። ከመቶ ዓመት በላይ በየላብራቶሪው ሲሠራ የነበረ ልማድ እንግዶቹን በር ላይ ይመርዝ ነበር። ባክቴሪያው «የማይበቅል» ከመባሉ በፊት ምግቡ መጠየቅ ነበረበት።

ሦስተኛው መልስ ጉርብትና ነው። አንዳንዱ ከጎረቤቱ የሚያገኘው ነገር ሳይኖር አያድግም። በቦስተን የኖርዝኢስተርን ዩኒቨርሲቲዎቹ ስላቫ ኤፕስታይንና ኪም ልዊስ ለዚህ ያመጡት ሐሳብ ቀላልና ብልህ ነበር፤ ባክቴሪያውን ወደ ላብራቶሪ ከማምጣት ላብራቶሪውን ወደ አፈሩ መውሰድ። በመቶዎች የሚቆጠሩ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ባሉት ሰሌዳ በየቀዳዳው አንድ አንድ ሴል ያስቀምጣሉ፤ በስስ ሽፋን ሸፍነው መልሰው አፈር ውስጥ ይቀብሩታል። ምግቡ ያልፋል፣ ባክቴሪያው ግን አይወጣም። በዚህ መንገድ ከሜይን ግዛት ሣር ሜዳ አፈር ያልታወቀ ባክቴሪያ ነጠሉ፤ እሱም ቴይክሶባክቲን የተባለ አዲስ አንቲባዮቲክ ሰጠ። ግኝቱ በ2015 ታተመ። አብዛኞቹ የዛሬ አንቲባዮቲኮች የተገኙት ከዚያ «ከመቶ አንድ» ውስጥ መሆኑን ለሚያስታውስ ሰው፣ የቀረው 99 ምን ሊይዝ እንደሚችል መገመት ልብ ያሞቃል።

በተቃራኒው ደግሞ ምንም አለመብቀሉ ትክክለኛው መልስ የሚሆንበት ቦታ አለ። በ2019 በአፋር ዳሎል የሠራ ቡድን በጣም አሲዳማና ጨዋማ ከሆኑት ኩሬዎች ካልቸር ሞከረ፣ በማይክሮስኮፕ ፈለገ፣ ዘረመል አነበበ፤ ሕይወት የለም ብሎ ደመደመ። በዚያው ዓመት ሌላ ቡድን ጥቃቅን ሕዋሳት አገኘሁ ብሎ ነበር። ክርክሩን ሊፈታ የሚችል ምስክር ከዚያ ኩሬ ተነጥሎ በሣህን የሚያድግ ፍጡር ነው፤ እስካሁን አልቀረበም።

ዘረመል ይህን ሁሉ ድካም አያስቀርም ወይ? በከፊል ያስቀራል፤ ማስቀረቱም ደስ ይላል። ጂንኤክስፐርት የተባለው መሣሪያ የቲቢን ባክቴሪያና ዋናውን የመድኃኒት መላመድ ምልክት ከሁለት ሰዓት ባነሰ ጊዜ ይለያል፤ በኢትዮጵያም ለብዙ ሕሙማን የሳምንታትን ጥበቃ አሳጥሯል። ግን መሣሪያው የሚያነበው የሚያውቀውን ቃል ብቻ ነው። ታክሞ በዳነ ሰው ውስጥ የቀረ የሞተ ባክቴሪያ ርዝራዥም ሊያሳስተው ይችላል። ለአዳዲስ መድኃኒቶች መላመድን በእርግጠኝነት ለማወቅ አሁንም ሕያው ባክቴሪያ ከመድኃኒቱ ጋር ማፋጠጥ ይጠይቃል። የዚህ ዓይነት መሣሪያዎች ሁሉ መነሻ የሆነው ፒሲአር የተባለው ዘረመልን የማባዣ ዘዴ ራሱ ሙቀት የማይበግረውን ኢንዛይም ያገኘው፣ ቶማስ ብሮክና ተማሪው ሃድሰን ፍሪዝ ከየሎስቶን ፍል ውሃ ነጥለው ካሳደጉት ባክቴሪያ ነው። ሣህኑ ባይኖር ማሽኑም አይኖርም ነበር።

ጉዳዩን አስቸኳይ የሚያደርገው የመድኃኒት መላመድ ነው። በ2019 በዓለም ዙሪያ 1.27 ሚሊዮን ሰዎች አንቲባዮቲክ በተላመዱ ባክቴሪያዎች በቀጥታ እንደሞቱ ተገምቷል። ካልቸር በሌለበት ሐኪሙ የሚያዝዘው በግምት ነው፤ ግምቱ ሲስት ታካሚው ይጎዳል፣ ባክቴሪያውም ይለማመዳል።

ይሁንና ካልቸር መሥራት በደጋ አገር የራሱ ፈተና አለው። ምግቡ ከጀርም እንዲጸዳ በኦቶክሌቭ 121 ዲግሪ መድረስ አለበት። መጻሕፍቱ 15 ፓውንድ ግፊት ይላሉ፤ የተጻፉት ግን ለባሕር ጠለል ነው። 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው አዲስ አበባ ውሃ በ92 ዲግሪ ይፈላል፤ ያንኑ 121 ለማግኘት መለኪያው ወደ 19 ፓውንድ መድረስ አለበት። በመጽሐፉ ቁጥር ብቻ የሚሠራ ሰው በግማሽ የበሰለ ምግብ ያወጣና ሣህኑ ላይ የበቀለውን ከታካሚው የመጣ መስሎት ይሳሳታል። አጋሩም ከውጭ የሚገዛ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዋና አቅራቢ የነበረችው ጃፓን ስትዘጋ ብሪታንያ በዳርቻዋ የባሕር አረም እስከ መልቀም ደርሳለች፤ ሞሮኮ በ2015 ገደማ ኤክስፖርቷን ስትቀንስም ዋጋው በዓለም ዙሪያ ናረ። ለደም አጋር የሚመከረው የበግ ደም ነው፤ በግ በሞላበት አገር ሥርዓት ያለው ጥቂት መንጋ ለላብራቶሪዎች ማቆም ከባድ ሊሆን አይገባም። ጊዜው ያለፈበት የሰው ደም መጠቀም ግን ውጤትን ያዛባል፤ በውስጡ ባክቴሪያን የሚቃወሙ ነገሮች ሊኖሩ ይችላሉና።

ከዚህ ሁሉ ድካም ብዙው የሚበላሸው ናሙናው መስኮቱ ጋ ሳይደርስ ነው። አንቲባዮቲክ የጀመረ ሰው ደም ወይም ሽንት ባክቴሪያ እያለበት ምንም ሳያበቅል ይቀራል። ሁለት ሰዓት በጸሐይ የዋለ ሽንት ውስጥ ጥቂቶቹ በዝተው ይቆዩና ኢንፌክሽን የሌለበትን ሰው ሕመምተኛ ያስመስላሉ፤ በአንድ ሚሊ ሊትር 100,000 የሚለው መለኪያ የሚያገለግለው ትኩስ ሽንት ላይ ነው።

ስለዚህ ካልቸር የታዘዘልዎት ወይም የልጅዎን ናሙና የሚያደርሱ ከሆነ፣ ሐኪሙ ካልከለከለ በቀር ናሙናውን የመጀመሪያው ክኒን ሳይዋጥ ይስጡ። ሽንት ከሆነ ተጣጥበው የመጀመሪያውን ፈስሶ እንዲሄድ ካደረጉ በኋላ መካከለኛውን ይያዙ፤ በሁለት ሰዓት ውስጥም ያድርሱ። ቀድመው የወሰዱት መድኃኒት ካለ ለላብራቶሪው ይንገሩ። ቀጠሮው ሦስት ቀን ከሆነም ይጠብቁ፤ ውጤቱንም ሳይወስዱ አይቅሩ።